የኪያጀን ኤልኤንኤ ጋፕመር ግምገማ፦ ማላት1ን ያጠፋል፤ የዕድገት ከርቩን ግን ለብቻው አትመኑት

ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ለማጥናት የሚነሳ ሰው ምርጫ አያጣም። ፕሮቲኑን የሚያግድ ኬሚካል ይገዛል፣ ፀረ-አካል ያዛል። ፕሮቲን በማይሠራ ረጅም ኮድ-አልባ አርኤንኤ ላይ ግን እነዚህ መንገዶች ዝግ ናቸው። በካንሰር ሴል ዕድገት ውስጥ እጁ አለበት የተባለ አንድ ረጅም አርኤንኤ በእርግጥ እጁ እንዳለበት ለማወቅ፣ አርኤንኤውን ራሱን ቆርጦ አጥፍቶ ሴሉ ምን እንደሚሆን መከታተል ያስፈልጋል። ኪያጀን «አንቲሴንስ ኤልኤንኤ ጋፕመር» ብሎ የሚሸጠው እቃ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ነው። መጀመሪያ የዴንማርኩ ኤክሲኮን ምርት ነበር፤ ኪያጀን እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያውን ሲገዛ አብሮ ወሰደው። ነጥብ ይሰጠው ከተባለ ከ5 4 ይገባዋል። አርኤንኤን በማጥፋት በኩል እንከን የለሽ ሊባል ይችላል። አንዷ ነጥብ የተቀነሰችው እሱን ተጠቅሞ የሚሣለው የዕድገት ከርቭ (የሴሉን ብዛት በጊዜ የሚያሳይ መስመር) በቀላሉ ስለሚያሳስት ነው።

ቱቦው ውስጥ ያለው ከ14 እስከ 16 ኑክሊዮታይድ ርዝመት ያለው ነጠላ ሰንሰለት ነው። ሁለቱ ጫፎች ኤልኤንኤ (አርኤንኤን አጥብቆ እንዲይዝ ቅርጹ የተቆለፈ ኑክሊዮታይድ) ናቸው፤ መሐሉ ተራ ዲኤንኤ ነው፤ ኑክሊዮታይዶቹን የሚያያይዘው ድልድይ በሙሉ ፎስፎሮታዮኤት ነው። ጫፎቹ ኢላማውን አጥብቀው ይይዛሉ። መሐል ላይ የሚፈጠረውን የዲኤንኤና የአርኤንኤ ጥንድ የሴሉ የራሱ ኢንዛይም አርኤንኤዝ ኤች1 ያገኘውና አርኤንኤውን ብቻ ይቆርጣል። ጋፕመሩ ሳይጎዳ ተላቆ ወደሚቀጥለው ሞለኪውል ያልፋል። ፎስፎሮታዮኤቱ ደግሞ ኑክሊዬዝ በቶሎ እንዳይበላው ይከላከላል።

ሌላው አርኤንኤ ማጥፊያ መሣሪያ ከሆነው አጭር ባለ ሁለት ሰንሰለት ኤስአይ-አርኤንኤ የሚለይበት ዋናው ነጥብ የሥራ ቦታው ነው። ኤስአይ-አርኤንኤ የሚሠራው በአርጎኖት ፕሮቲን በኩል፣ በአብዛኛው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። አርኤንኤዝ ኤች1 ግን ኒውክሊየስ ውስጥም አለ። ማላት1 እና ኒት1 የተባሉት ረጃጅም ኮድ-አልባ አርኤንኤዎች ከኒውክሊየስ የማይወጡ ስለሆኑ በጋፕመር ሲመቱ በተሻለ ይጠፋሉ። ኢላማችሁ ዳንሰር እንደተባለው ረጅም አርኤንኤ ሳይቶፕላዝም ውስጥ የሚኖር ከሆነ ግን ጋፕመር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ርካሹ ኤስአይ-አርኤንኤ ይበቃል። ስለዚህ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ሴሉን ወደ ኒውክሊየስና ሳይቶፕላዝም ከፍሎ የአርኤንኤ መጠን በሚለካው በኪው-ፒሲአር ማየት ያስፈልጋል። ለሳይቶፕላዝም ክፍሉ የጋፕዲኤች ኤምአርኤንኤ፣ ለኒውክሊየሱ ዩ6 ወይም ራሱ ማላት1 ጥሩ መለያ ነው። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

አያያዙ ቀላል ነው። እቃው ደርቆ ስለሚመጣ ለመንገድ በረዶ አያሻውም፤ ጉምሩክ ላይ ጥቂት ቀን ቢውል ጉዳት የለውም። ለአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አስቸጋሪው አብሮት የሚታዘዘው፣ ጋፕመሩን ወደ ሴሉ የሚያስገባው ሊፒድ ነው፤ ሊፖፌክታሚን አርኤንኤአይማክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፣ በረዶ ከነካው ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጥቅል አስልኮ በደረቅ በረዶ ማስመጣት ስህተት ነው።

ቱቦውን ከመክፈታችሁ በፊት በሴንትሪፊውጅ አዙሩት፤ ደረቁ ዱቄት ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። 5 ናኖሞል ባለው ቱቦ 100 ማይክሮሊትር ከኑክሊዬዝ የጸዳ ቲኢ በፈር ሲጨመር 50 ማይክሮሞላር ዋና መፍትሔ ይሆናል። ይህን በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍሎ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማስቀመጥ፣ አንዱን ብቻ በአምስት እጥፍ አቅጥኖ 10 ማይክሮሞላር የሥራ መፍትሔ ማድረግ ይበቃል። ዋጋው መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ይለዝባል። በ25 ናኖሞላር፣ 2 ሚሊሊትር በሚይዝ ዌል (የፕሌት ጉድጓድ) የሚገባው 50 ፒኮሞል ነው፤ አንድ ቱቦ 100 ዌል ያወጣል ማለት ነው። በባለ 96 ዌል ፕሌት፣ በ100 ማይክሮሊትር፣ አንዱ ዌል 2.5 ፒኮሞል ብቻ ይወስዳል። ወጪው የሚመጣው ከመጠኑ ሳይሆን ከቱቦዎቹ ብዛት ነው፤ ለምን ብዙ ቱቦ እንደሚያስፈልግ ወደ በኋላ ይነሳል።

ለኤ549 የሳንባ ካንሰር ሴል የሚስማማው ሴሉን ከውህዱ በኋላ መዝራት ነው። ለባለ 6 ዌል ፕሌት፣ በአንድ ቱቦ 125 ማይክሮሊትር ኦፕቲ-ሜም ላይ 5 ማይክሮሊትር ከ10 ማይክሮሞላሩ ጋፕመር ይጨመራል፤ በሌላው ቱቦ 125 ማይክሮሊትር ኦፕቲ-ሜም ላይ 5 ማይክሮሊትር አርኤንኤአይማክስ። ሁለቱ ተቀላቅለው በክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያሉ። ውህዱ ዌሉ ግርጌ ላይ ይፈስና 150,000 ሴል በ1.75 ሚሊሊትር ሚዲየም ይጨመርበታል። ሚዲየሙ ሴረም ሊኖረው ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ግን አይኑረው፣ በሊፒዱ የለሰለሰ የሴል ሽፋን አንቲባዮቲኩንም አብሮ ያስገባዋልና ሴሉ በከንቱ ይሞታል። አርኤንኤውን ለመለካት ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ሴሉ ይሰበሰባል።

የዕድገት መለኪያው ባለ 96 ዌሉ ፕሌት ላይ ስህተት የሚበዛው ፒፔት ላይ ነው። ለአንድ ዌል የሚያስፈልገው 0.25 ማይክሮሊትር ጋፕመርና 0.2 ማይክሮሊትር ሊፒድ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ መጠን በፒፔት በትክክል መለካት ይከብዳል። ለ20 ዌል የ22 ዌል ውህድ ማዘጋጀት ነው መፍትሔው፦ 5.5 ማይክሮሊትር ጋፕመር በ110 ማይክሮሊትር ኦፕቲ-ሜም፣ 4.4 ማይክሮሊትር ሊፒድ በሌላ 110። ከድምሩ 10 ማይክሮሊትር በእያንዳንዱ ዌል፣ ከዚያ 2,000 ሴል በ90 ማይክሮሊትር። ዳር ዳር ያሉት 36 ዌሎች ቶሎ ስለሚተኑ ሴል አይዘራባቸውም፤ ፒቢኤስ ይሞሉ። በ96ኛው ሰዓት ዳር ያለ ዌል ከመሐሉ የተለየ ቁጥር የሚያሳየው በባዮሎጂ ሳይሆን በትነት ነው። ኮንትሮሉን (ለማነጻጸሪያ የሚሰጠውን ኢላማ የሌለው ጋፕመር) በሙሉ በአንድ ዓምድ፣ ጋፕመሩን በሌላ ዓምድ መደርደርም ይህንኑ ስህተት ያጎላዋል፤ ቀላቅሉት።

ሊፒድ ብቻ የገባበት ዌል የግድ ይኑር። ምንም ካልነካው ዌል ጋር ሲነጻጸር ዕድገቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ የሊፒዱ መጠን በዝቷል፤ ጋፕመሩን ከመውቀስ በፊት እሱን መቀነስ ነው። ማይኮፕላዝማ ያለበት ሴልም እንዲሁ ዕድገቱን ያዛባል፤ ምርመራው ሳይደረግ የተሣለ ከርቭ ዋጋ የለውም። ፋም የተባለውን አብሪ ቀለም የያዘ ጋፕመር ገዝቶ በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሲያይ «ገባ» ብሎ የሚደሰት ሰው አለ። ሳይቶፕላዝም ውስጥ የተበተነ ነጠብጣብ ኢንዶዞም በተባሉ የሴሉ ከረጢቶች ውስጥ የታሰረ ጋፕመር ነው። ኒውክሊየሱ ራሱ ሲያበራ ነው ሥራው የተጀመረው።

ማላት1 መጥፋቱን ማረጋገጥ ከማጥፋቱ ይበልጥ ጣጣ አለው። ይህ 8,000 ያህል ኑክሊዮታይድ ርዝመት ያለው አርኤንኤ በአብዛኛው የሚገለበጠው ያለ ኢንትሮን (ተቆርጦ የሚጣል የጂን ክፍል) ስለሆነ፣ ኢንትሮን የሚዘል ፕራይመር ማዘጋጀት አይቻልም። ናሙናው ውስጥ የቀረ የሴሉ ዲኤንኤ እንደ ማላት1 ይቆጠራል። በእርግጥ 5 በመቶ ብቻ የቀረ አርኤንኤ፣ ከዲኤንኤ የሚመጣው ምልክት የመጀመሪያውን 20 በመቶ የሚያህል ከሆነ፣ 25 በመቶ የቀረ ይመስላል፤ እቃው ሳይበደል ይወቀሳል። ዲኤንኤዝ መጠቀም ግዴታ ነው፤ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ (ሲዲኤንኤ) የሚቀይረው ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያልገባበት ናሙና ቢያንስ በ7 ሳይክል (የፒሲአር ዙር) መዘግየት አለበት። ጫፉም እንደ ተለመደው ኤምአርኤንኤ ፖሊ-ኤ ጭራ የለውም፤ አርኤንኤዝ ፒ ከቆረጠው በኋላ በሦስት ዘርፍ ጥምዝ ይዘጋል። ሲዲኤንኤ በራንደም ሄክሳመር ቢሠራ ይሻላል። ፕራይመሮቹ ጋፕመሩ የሚያርፍበትን ቦታ እንዳይነኩ፣ አንዱ ጥንድ ከቆረጣው በፊት ሌላው በኋላ እንዲሆን ማድረግ ደግሞ ግማሽ ቁራጩ ሳይበላ ቀርቶ እንዳያታልል ይረዳል። በደንብ የሠራ ጋፕመር ከ3.3 ሳይክል በላይ ያዘገያል፤ ይህ ከ10 በመቶ በታች መቅረቱን ያሳያል።

ኒት1 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ረጅሙ ቅርጹ ፓራስፔክል በተባሉ አካላት ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚኖር አርኤንኤ ለማውጣት በተለመደው ፈሳሽ፣ በትራይዞል፣ በደንብ አይወጣም። ትራይዞሉን ከነሴሉ በ55 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ማሞቅ ወይም በ20 ጌጅ መርፌ ደጋግሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ «ጠፋ» የተባለው አርኤንኤ ቱቦው ውስጥ ሳይወጣ የቀረ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፎስፎሮታዮኤት ያለው ማንኛውም አንቲሴንስ፣ ኮንትሮሉም ጭምር፣ የፓራስፔክል ፕሮቲኖችን ይይዛል። ኒት1ን በጋፕመር የሚያጠና ሰው ጋፕመር ፈጽሞ ያልነካው ሴል ከጎን ሳያስቀምጥ ምንም ማለት አይችልም።

ወደ ዕድገቱ እንምጣ። ብዙ ሰው ሲሲኬ-8 የተባለ ቀለም ያለው መለኪያ ይገዛል፤ በ100 ማይክሮሊትር ላይ 10 ማይክሮሊትር ጨምሮ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ጠብቆ በ450 ናኖሜትር ያነባል። ቀላል ነው፤ የሚለካው ግን የሴሉን ሜታቦሊዝም እንጂ የሴሉን ቁጥር አይደለም። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሴሉን በትራይፓን ብሉ ቀብቶ መቁጠር፣ ወይም 10 ማይክሮሞላር ኢዲዩ ለ2 ሰዓት ሰጥቶ ዲኤንኤ የሚያባዛውን ድርሻ ማየት ያስፈልጋል። 500 ሴል ዘርቶ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ኮሎኒዎችን (ከአንድ ሴል የተባዙ ክምችቶችን) በክሪስታል ቫዮሌት ቀብቶ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም ለዚህ እቃ አይመችም። ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር ጋፕመሩ ይሳሳል፤ በሁለተኛው ሳምንት አርኤንኤው ተመልሷል። ያ ሙከራ የሚናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ነጥብ። ኤልኤንኤ ኢላማውን አጥብቆ መያዙ ጥንካሬውም ጦሱም ነው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል የማይገጥም ቦታ ላይም ይጣበቃል፤ ረጃጅም ጂኖች ደግሞ ኢንትሮናቸው ሰፊ ስለሆነ ብዙ እንዲህ ያለ ቦታ አላቸው። ገና ያልተከረከመ ኤምአርኤንኤ ኒውክሊየስ ውስጥ ስላለ አርኤንኤዝ ኤች1 እዚያም ይቆርጣል፤ ሴሉ ይታመማል፣ ይሞታል። ከርቩ ይወርዳል። ተመራማሪውም «አርኤንኤው ለካንሰር ዕድገት ወሳኝ ነው» ብሎ ይጽፋል። የኩባንያው ኔጋቲቭ ኮንትሮል ኤ ይህን አይዝም፤ የራሱ ፊደል ስለሆነ የራሱ ጎን-ጉዳት ብቻ ነው ያለው። ከዚህ ጉድ የሚያወጣው መጠን መዘርዘር ነው፦ 1፣ 5፣ 10፣ 25፣ 50 ናኖሞላር። በ5 ናኖሞላር ማላት1 ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ሳለ ዕድገቱ የሚወድቀው በ50 ላይ ብቻ ከሆነ፣ የወደቀው በማላት1 ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ከርቮች አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው። የሴል ሞትን የሚያሳየው የካስፔዝ 3/7 ምርመራ በ24ኛው ሰዓት ላይ ቢጨመር መርዛማነቱ ቶሎ ይታያል። ከዚያ ሁለተኛ ጋፕመር፣ ከመጀመሪያው በራቀ ቦታ ላይ የሚያርፍ፣ ያንኑ ውጤት መስጠት አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ መግዛት እንጂ የሚመቸውን መምረጥ አይደለም።

ማላት1 ራሱ ይህን ጥንቃቄ የሚያስገድድ ታሪክ አለው። በ2003 በጀርመን የታወቀው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ያለ የሳንባ ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዛመት እንደሆነ ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ነው። በ2012 ሦስት የምርምር ቡድኖች ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ጤነኛ ሆነው እንደሚኖሩና እንደሚዋለዱ አሳዩ። በ2013 ኤ549 ሴል ውስጥ በዚንክ ፊንገር ኑክሊዬዝ ከ1,000 እጥፍ በላይ ተቀንሶ ሲጠና ዋናው ግኝት የሴሉ እንቅስቃሴና ሜታስታሲስ (ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመት) መዳከሙ ነበር። ማላት1 የሌላቸው እነዚያ ሴሎች በፍላስክ ውስጥ ይኖራሉ፣ ይራባሉ። ስለዚህ ኤ549 ላይ በጋፕመር ዕድገቱን በ60 በመቶ ያወረደ ሰው ግኝት ከማወጁ በፊት ጋፕመሩን ይጠርጥር። ከዚህም የሚገርመው የጡት ካንሰሩ ነው፦ በ2016 የአይጥ ዕጢ ላይ አንቲሴንስ ተሰጥቶ ማላት1 ሲቀንስ ሜታስታሲሱ ቀነሰ፤ በ2018 ደግሞ ጂኑ ውስጥ ሌላ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰክቶ ማላት1 ሲጠፋ ሜታስታሲሱ ጨመረ። ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ መሣሪያው ነው የተለየው። በሌላ በኩል በሰው ጤናማ ፋይብሮብላስት ውስጥ ማላት1ን መቀነስ የሴል ዑደቱን በፒ53 በኩል ያቆማል፤ የሴሉ ዓይነት ራሱ መልሱን ይቀይረዋል።

በአካባቢያቸው ያለ ጂንን የሚቆጣጠሩ ረጃጅም አርኤንኤዎች ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ጋፕመር ገና በመገልበጥ ላይ ያለውን አርኤንኤ ከመነሻው አጠገብ ከቆረጠ፣ ኤክስአርኤን2 የተባለው ኢንዛይም ቀሪውን እየበላ ደርሶ ፖሊሜሬዝ 2ን ከዲኤንኤው ላይ ያወርደዋል። ይህ በ2020 በግልጽ ታይቷል። አርኤንኤውን ብቻ አጠፋሁ ያለ ሰው ግልበጣውንም አቁሟል ማለት ነው። ጋፕመሩን ወደ 3-ፕራይም ጫፍ ማስጠጋት ጉዳቱን ይቀንሳል። የካንሰር ዕድገትን ከሚያፋጥነው ማይክ ጂን ጎን ያለው ረጅም አርኤንኤ ፒቪቲ1 እዚህ ላይ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፦ አርኤንኤው የማይክ ፕሮቲንን ይደግፋል፣ ፕሮሞተሩ (ግልበጣው የሚጀመርበት የዲኤንኤ ክፍል) ግን ከማይክ ጋር በማነቃቂያዎች ላይ ይሻማል። አርኤንኤውን ብትቀንሱ ዕድገቱ ይወርዳል፤ ፕሮሞተሩን በክሪስፐር ብትዘጉ ማይክና ዕድገቱ ሊጨምሩ ይችላሉ። በአንድ መሣሪያ ብቻ የተጻፈ ድምዳሜ ግማሽ ነው።

ሊፒድ ለማይቀበል ሴል ጋፕመሩን በቀጥታ ሚዲየም ላይ መጨመርም ይቻላል። 1 ማይክሮሞላር ለ4 እስከ 7 ቀን ይሰጣል፤ አንዳንድ ሴል ላይን በደንብ ይውጠዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይቀበልም። ሒሳቡን ግን አስቀድሙ፦ በ2 ሚሊሊትር ዌል 2 ናኖሞል ስለሚገባ ያ 5 ናኖሞል ቱቦ ሁለት ዌል ተኩል ላይ ያልቃል። በባለ 96 ዌል ፕሌት ካልሆነ አይሞከርም።

አማራጭ ለሚፈልግ የአይዲቲ አፊኒቲ ፕላስ ተመሳሳይ ኬሚስትሪ ነው፤ ፊደሉን ራሱ መንደፍ የሚችል ሰው እዚያ ቢያዝ ያዋጣዋል። የኪያጀን ብልጫ የዲዛይን መሣሪያውና ለማላት1 የተዘጋጀው ፖዚቲቭ ኮንትሮል ነው። ማላት1 በአብዛኛው ሴል ላይን ውስጥ በብዛት ስላለ፣ ሌላ ኢላማ የምታጠኑ ቢሆን እንኳ ትራንስፌክሽኑ (ጋፕመሩን ወደ ሴሉ ማስገባቱ) መሥራቱን በእሱ ታያላችሁ፤ እሱ ካልወረደ ችግሩ ከዲዛይኑ ሳይሆን ከሊፒዱ ወይም ከሴሉ ነው።

ለመጀመሪያ ትእዛዝ የሚበቃው አራት ቱቦ ነው፦ በተለያየ ቦታ የሚያርፉ ሁለት ጋፕመሮች፣ ኔጋቲቭ ኮንትሮል ኤ፣ የማላት1 ፖዚቲቭ ኮንትሮል። ገንዘብ ከተረፈ ኮንትሮል ቢ ይጨመር፤ ኤ እና ቢ ዕድገት ላይ ከተለያዩ ንጽጽሩ ገና ሳይጀመር መሠረቱ ይናጋል። ፋም ቀለሙ ይቅር። አይጥ ላይ ለመስጠት ያሰበ ሰው ደግሞ ይህን ተራ ደረጃ አይግዛ፤ ለእንስሳ ተብሎ በተለየ መንገድ የተጣራው ሶዲየም ጨው ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም በጉበት ላይ ያለው መርዛማነት አስቀድሞ ተፈትሾ።